ሴፍቲኔት ያልገባችው ጎረቤት ክፍያዋ እንዴት ጨመረ?

ጠዋት ታክሲ ልትይዙ ስትወጡ ታዩዋቸዋላችሁ። መጥረጊያና አካፋ ይዘው፣ አብዛኞቹ እናቶች፣ ቦይ ሲጠርጉ ወይም መንገድ ዳር ችግኝ ሲኮተኩቱ። «ሴፍቲኔቶች ናቸው» ይላል አንዱ። ሌላው ደግሞ ይቀጥላል፦ «ትንሽ ጠርገው ቁጭ ነው እኮ! ይሄ ሰውን ሰነፍ ማድረግ ነው!»

እውነቱን ለመናገር እኛም እንዲህ ያልንበት ቀን አለ። ግን ይሄን ክርክር በሜዳ ወርዶ በቁጥር የለካው ሰው አለ ወይ ብለን ስንፈልግ አንድ ጥናት አገኘን። ጥናቱ የተሠራው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ውጤቱ ደግሞ ታክሲ ውስጥ ከምንሰማው ክርክር ከሁለቱም ወገን የተለየ ሆነብን። ሴፍቲኔቱ ከገቡት ሰዎች አልፎ፣ ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሠራተኞችንም ክፍያ ከፍ አድርጓል ይላል።

እንዴት? እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም፤ እኛም አልተማርንም።

ጥናቱን የሠሩት እነማን ናቸው?

ከአራቱ አጥኚዎች አንዱ ኢትዮጵያዊው ኢኮኖሚስት ግሩም አበበ ናቸው። በኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ውስጥ ሠርተዋል፤ በኋላም በዓለም ባንክ። ብዙ ጥናቶቻቸው በአንድ ዋና ጥያቄ ዙሪያ ይዞራሉ፦ የከተማ ወጣትና ድሃ ሥራ የሚያገኘው እንዴት ነው? የሚከፈለው ገንዘብስ በምን ይወሰናል?

ስለ ሴፍቲኔቱ ያጠኑት ከሳይመን ፍራንክሊን፣ ከክሌመን ኢምበርት እና ከካሮሊና ሜሂያ-ማንቲያ ጋር ነው። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ላይ ታትሟል። ይሄ መጽሔት በኢኮኖሚክስ ዓለም ከሚከበሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የአዲስ አበባ ቦይ ጠራጊ እናቶች ጉዳይ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

መጀመሪያ ፕሮግራሙን እናስታውስ

ሴፍቲኔት ገጠር ውስጥ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ወደ ከተማ የመጣው ግን በ2009 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀመረ። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከየወረዳው በጣም ድሃ የሚባሉ ቤተሰቦች ይመለመላሉ። መሥራት የሚችል ሰው ያላቸው በአካባቢ ልማት ሥራ ይሰማራሉ፦ ጽዳት፣ ችግኝ፣ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ ደረቅ ቆሻሻ። ለሠሩበት ቀን ይከፈላቸዋል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች ደግሞ ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ሥራው ለዘላለም አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የሥራው ቀን እየቀነሰ ይሄድና በመጨረሻ የራሳቸውን ነገር እንዲጀምሩ መነሻ ገንዘብ ይሰጣቸዋል።

ዕጣ ለምን ጠቀመ?

እዚህ ላይ ትንሽ ትዕግሥት ስጡን፤ ቁልፉ እዚህ ነው ያለው።

አንድ ፕሮግራም ሠርቷል ወይስ አልሠራም ለማለት ማወዳደሪያ ያስፈልጋል። ሴፍቲኔት የገባውን ሰው ካልገባው ሰው ጋር ብናወዳድር ግን እንሳሳታለን፤ የገባው መጀመሪያውኑ የባሰ ድሃ ስለሆነ ነው የገባው። ከአምና ጋር ብናወዳድርም ያው ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ የሽንኩርት ዋጋም፣ የቤት ኪራይም፣ የሥራ ገበያውም ይለወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ በአንድ ቀን ሁሉም ወረዳ አልደረሰም። ገንዘቡም አቅሙም ስላልበቃ በዙር ነበር፤ የትኛው ወረዳ ቀድሞ፣ የትኛው ቆይቶ እንደሚገባ የተወሰነው ደግሞ በዕጣ ነው። ልክ እንደ ኮንዶሚኒየም ዕጣ አስቡት። ዕጣው ሀብታም ወረዳ፣ ድሃ ወረዳ፣ የባለሥልጣን ሰፈር ብሎ አይመርጥም። ስለዚህ ቀድመው የደረሳቸውና ተራ የሚጠብቁት ወረዳዎች መጀመሪያ ላይ ተመሳሳይ ነበሩ ማለት ይቻላል። በኋላ ልዩነት ከታየ ያመጣው ሴፍቲኔቱ ነው።

አጥኚዎቹም ይሄን አጋጣሚ ያዙና ቤተሰቦቹን ተከታተሉ። ምን ሠራችሁ? የት ሄዳችሁ ሠራችሁ? ስንት ተከፈላችሁ? ሰፈራችሁስ ጸዳ?

ምን ተገኘ?

አንደኛ፦ የገቡት ሰዎች በግል የሚሠሩት ሥራ ቀነሰ። አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። ታክሲ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግማሹን አግኝቶታል። ሴፍቲኔት ላይ የሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ የቀን ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ይቀንሳል። ግን ቤት ገብቶ ተኛ ማለት አይደለም፤ ሥራውን ቀየረ ማለት ነው። ከሰው ግቢ ልብስ ማጠብ ወደ ሰፈር ቦይ መጥረግ።

ሁለተኛ፦ ሰፈሩ ጸዳ። ሴፍቲኔት የደረሳቸው ወረዳዎች ከሚጠብቁት ይልቅ ተሻሽለው ተገኙ። ክረምት ሲመጣ ቦይ ተደፍኖ ውሃ ቤቱ የገባበት ሰው የዚህ ጥቅም ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ እኛን ያስገረመን ይሄ ነው፦ የግል ሥራ ክፍያ ጨመረ። አጥኚዎቹ እንዳሰሉት ፕሮግራሙ ሁሉንም የታሰቡ ወረዳዎች ሲያዳርስ የግሉ ዘርፍ ክፍያ በ18.6 በመቶ ከፍ ይላል።

18.6 በመቶ ስንት ነው? በቀን 200 ብር የሚያገኝ ሰው ወደ 237 ብር ይጠጋል ማለት ነው። የዋጋ ንረት ያመጣው ጭማሪም አይደለም፤ ሴፍቲኔቱ ባይኖር ኖሮ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ነው።

ታዲያ ለምን ጨመረ?

አንድ ምሳሌ እንስጥ፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ያህል ነው።

አንድ አደባባይ ላይ ጠዋት ጠዋት 10 ሰዎች የቀን ሥራ ይጠብቃሉ። የሚመጡት አሠሪዎች የሚፈልጉት 6 ሰው ነው። ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። መኪና ሲቆም ሁሉም ይሮጣል። «በ250 ትሄዳለህ?» ሲባል አንዱ ያመነታል፤ ከኋላው ያለው «እኔ በ200 እሄዳለሁ!» ይላል። አራት ሰው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፤ ዋጋውን የሚያወርደው ያ ፍርሃት ነው።

አሁን ከአሥሩ ሦስቱ ሴፍቲኔት ገቡ እንበል። አደባባዩ ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው። አሠሪው እንደ ድሮው «ካልፈለግህ ተወው» ማለት አይመቸውም። የቀሩት ሰዎች ሴፍቲኔት የሚባለው ነገር ደጃፉን አላዩም፤ ስማቸው የትም አልተመዘገበም። ግን ዛሬ ሲደራደሩ ትንሽ ጀርባቸው ቀና ይላል።

ሌላም ነገር አለ። ሴፍቲኔት የገባችው ሴትዮ ራሷ አማራጭ አላት። ጠዋት ሰፈሯ ውስጥ የተቆረጠ ክፍያ ያለው ሥራ ካለ፣ ሩቅ ሄዳ በማይረባ ብር ቀኑን ሙሉ ልብስ የምታጥብበት ምክንያት አይኖርም። የሚፈልጋት ሰው ጨምሮ ይጠራታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይሄ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አልነበረም። በሌላ አነጋገር፣ ለቀን ሠራተኛ «ከዚህ በታች አይከፈልም» የሚል ወረቀት ከሌለ፣ ወለሉን የሚያስቀምጠው ሠራተኛው ያለው ሌላ አማራጭ ብቻ ነው።

ይሄ ነገር በቀላሉ ለምን አይታይም?

ጥሩ ጥያቄ። መልሱ ያለው ታክሲያችን ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በሚኖርበት ወረዳ ብቻ አይሠራም። አንዷ ሽሮ ሜዳ አድራ ቦሌ ትሠራለች፤ ሌላው ከአቃቂ ተነስቶ መርካቶ ይሸከማል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ያለ ወረዳ ሴፍቲኔት ሲደርሰው፣ የሠራተኛ እጥረቱ የሚሰማው እዚያው ሳይሆን ቦሌ ሊሆን ይችላል። ቦሌ ሲጨምር ደግሞ ጥቅሙ የሚደርሰው ገና ዕጣ ያልወጣለት ወረዳ ለሚኖረው የቦሌ ሠራተኛም ነው።

አያችሁ ችግሩን? ዕጣ የወጣለትን ወረዳ ካልወጣለት ጋር ብቻ አወዳድረን ብንተው፣ ሁለቱም ጋ ክፍያው ስለጨመረ «ልዩነት የለም» ብለን እንዘጋው ነበር። ውጤቱ በታክሲ ተሳፍሮ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል እንደማለት ነው።

እነ ግሩም ይሄን የፈቱት ሰው ከየት ወዴት ሄዶ እንደሚሠራ የሚያሳይ መረጃ በመጠቀም ነው። ለእያንዳንዱ የሥራ ሰፈር፣ ሠራተኞቹ ከየትኞቹ ወረዳዎች እንደሚመጡና ከነዚያ ስንቱ ሴፍቲኔት እንደደረሰው አሰሉ። ብዙ ሠራተኛው ሴፍቲኔት ከደረሳቸው ወረዳዎች የሚመጣ የሥራ ሰፈር ላይ ክፍያው ከፍ ብሎ ታየ።

ይሄን ሁሉ ሲደምሩት፣ የክፍያው ጭማሪና የሰፈሩ መሻሻል አብሮ ሲቆጠር ድሆች ከፕሮግራሙ ያገኙት ጥቅም በቀጥታ ብቻ ከሚታየው ስድስት እጥፍ ሆነ። የባንክ ደብተሩ ላይ የገባውን ብር ብቻ የሚቆጥር ሰው ትልቁን ክፍል ሳያይ ያልፋል ማለት ነው።

የእኛ ብቻ ነገር ነው?

አይደለም። ህንድ ውስጥ ገጠር ላለ ቤተሰብ ሁሉ በዓመት እስከ 100 ቀን ሥራ የሚያረጋግጥ ሕግ ወጥቶ ነበር። ኢኮኖሚስቶቹ ካርቲክ ሙራሊዳራን፣ ፖል ኒሃውስና ሳንዲፕ ሱክታንካር አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ 157 ንዑስ ወረዳዎችንና 19 ሚሊዮን ሕዝብ የሚሸፍን ሙከራ አጠኑ። ክፍያው በትክክል ለሰውየው እንዲደርስ አሠራሩ ሲስተካከል የተጠቃሚ ቤተሰቦች ገቢ በ14 በመቶ አደገ። አብዛኛው ጭማሪ የመጣው ግን ከፕሮግራሙ ክፍያ ሳይሆን ከመደበኛው የሥራ ገበያ ነው። ገጠርና ከተማ፣ ህንድና ኢትዮጵያ፤ መንገዱ ግን አንድ ነው።

ቆይ፣ ሂሳቡን የከፈለው ማነው?

ይሄን ካልጠየቅን ጽሑፋችን ማስታወቂያ ይሆናል።

ለሠራተኛው የጨመረው ብር ከሰማይ አልወረደም። አሠሪው ነው የከፈለው። አሠሪ ሲባል ደግሞ ትልቅ ኮንትራክተር ብቻ አይምሰላችሁ። ሁለት ሠራተኛ ያላት ምግብ ቤትም፣ ሳምንት በሳምንት ልብስ የምታጥብላት ሴት የምትቀጥር ደሞዝተኛም አሠሪ ናት። እነሱ ላይ ወጪ ጨምሯል።

ሌላው፣ 18.6 በመቶው ፕሮግራሙ በሙሉ ሲዘረጋ የሚሆነውን በሞዴል ያሰሉት ነው። መነሻው እውነተኛ መረጃ ቢሆንም፣ እያንዳንዱን ሠራተኛ ጠይቀው የደመሩት ቁጥር አይደለም። «ደሞዛችን በ18.6 ጨምሯል» ብሎ ፖስት ማድረግ ስህተት ነው።

ሦስተኛው፣ የሴፍቲኔቱ የሥራ ቀን እየቀነሰ ሄዶ ሲያልቅ ሰዎቹ ወደ አደባባዩ ይመለሳሉ። ያኔ ግፊቱም አብሮ ይላላል። ስለዚህ መነሻ ገንዘቡን ይዘው የራሳቸውን ሥራ መክፈት መቻል አለመቻላቸው የእነሱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አደባባዩ ላይ ለቀረው ሰውም ጉዳዩ ነው።

«ምልመላው ላይ አድልዎ አለ» የምትሉም አላችሁ። እንደዚህ ያለ ቅሬታ እኛም እንሰማለን። ማን ገባ የሚለው ጥያቄ በራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ይሄ ጥናት የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከገቡ በኋላ በከተማው ላይ ምን ተፈጠረ?

ሥራ ለምንፈልገውስ?

ብዙዎቻችሁ የሴፍቲኔት ዕድሜ ላይ አይደላችሁም፤ ሥራ ፍለጋ ላይ ናችሁ። እነ ግሩም እሱንም ትተውት አልሄዱም።

ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተሙት ሌላ ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልጉ ወጣቶችን እንዲሁ በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን ሥራ ለመፈለግ ወደ መሀል ከተማ የሚመጣበትን ትራንስፖርት ከፈሉለት። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስልክ ቁጥር ለመገልበጥ ከከተማው ዳር መጥቶ የሚመለስ ሰው የታክሲው ወጪ ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሌላው ቡድን የሁለት ቀን ስልጠና ወሰደ። አንዱን ቀን ችሎታው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተሰጠው፤ ሌላውን ቀን ሲቪ አጻጻፍና ኢንተርቪው ተማረ።

በወራት ውስጥ ሲታይ ሁለቱም ሠርተዋል፤ መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲሄዱ ግን የታክሲው ብር ያመጣው ለውጥ ጠፍቷል። የስልጠናው ቡድን ግን የተሻለ ገቢ ያገኛል፣ ሥራው ላይ ይቆያል፣ ሥራውንም ይወደዋል። በብዛት የተጠቀሙት ደግሞ ገበያው ላይ ዕድላቸው ጠባብ የነበሩት ናቸው።

ለምን? ችሎታው መጀመሪያም ነበራቸው፤ አሠሪው ማየት የሚችልበት መንገድ ነው ያልነበረው። ከእኛ መሀል ዲግሪ የሌለን ሰዎች ይሄ ነገር ልባችንን ነክቶታል። «ምን ትችላለህ?» ከመባላችን በፊት «ዲግሪህ የታለ?» ተብለን የተመለስንበትን ቀን እናውቀዋለን።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩበት። እዚሁ ከተማ የሥራ ባዛር አዘጋጅተው አሠሪና ሥራ ፈላጊን በአንድ አዳራሽ አገናኝተው ነበር። ከተገኙት አሥር ድርጅቶች በአማካይ የተቀጠረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንዱ ምክንያት ሁለቱም ወገን የጠበቁት ነገር ከገበያው ጋር አለመገጣጠሙ ነበር። ሰው ስለተሰበሰበ ብቻ ሥራ አይፈጠርም።

እንቋጨው

ሁለቱን ጥናቶች አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፦ የት እና መቼ እንደምናይ። ሴፍቲኔቱን ጠራጊዎቹ ላይ ብቻ አይተን ብንፈርድ አደባባዩ ላይ ያለውን ሰው እንረሳዋለን። የታክሲ ድጎማውን በወራት ውስጥ ብቻ አይተን ብናጨበጭብ አራተኛው ዓመት ያሳፍረናል።

እና ነገ ጠዋት ታክሲ ውስጥ «ትንሽ ጠርገው ቁጭ ነው» የሚል ሰው ስታገኙ፣ አትጣሉት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «እነሱ እዚህ ባይሆኑ ኖሮ፣ አንተ የምትሠራበት ቦታ በስንት ብር ይሄዱ ነበር?»

እናንተስ? ሰፈራችሁ ሴፍቲኔት ሲገባ የቀን ሥራ ክፍያ ላይ ያስተዋላችሁት ለውጥ አለ? አሠሪም ሠራተኛም የሆናችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ እናነበዋለን። የሚጠቅመው ሰው ካለ ደግሞ ሼር አድርጉት።